ያረጁ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ማሠራት፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በአንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ ኮምፒውተር አለ እንበል። የአባላቱ የቁጠባ መጠን፣ የብድር ውልና ተመላሽ ሒሳብ የተመዘገበው በዚያው ዘመን በተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ ዛሬ በቦታው የለም፤ ፕሮግራሙም በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን አይነሳም። አሮጌው ኮምፒውተር አንድ ቀን ጨርሶ ቢቆም፣ አባላቱ ያስቀመጡትን ገንዘብ የሚያረጋግጡበት መዝገብም አብሮት ይቆማል።

ተመሳሳይ ችግር በክሊኒኮች የሕሙማን መረጃ፣ በትምህርት ቤቶች የውጤት መዝገብ እንዲሁም በድርጅቶች የደመወዝ ዝርዝር ላይ ሊያጋጥም ይችላል። የቀድሞ ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመኑን ለማስረዳት፣ የቀድሞ ተማሪም የትምህርት ማስረጃውን ለማውጣት ሲቀርብ፣ መረጃው ያለው በማይከፈት ፋይል ውስጥ ከሆነ ጉዳቱ የሚደርሰው በድርጅቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በባለጉዳዩም ላይ ነው።

ይህ ማብራሪያ አሮጌ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችና በእነርሱ ላይ የተሠሩ ፕሮግራሞች በዘመናዊ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠሩባቸውን መንገዶች፣ የመንገዶቹን ወሰንና ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ለተገልጋዮች ለማሳወቅ የተዘጋጀ ነው። ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ኋላ ተጣጣሚነት ምን ማለት ነው?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወይም ሥርዓተ ክወና የኮምፒውተሩን አካላት ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኝ መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት፣ በማተሚያ ለማተም ወይም በስክሪን ላይ ጽሑፍ ለማሳየት ሲፈልግ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጥያቄ ያቀርባል። አዲስ እትም ሲወጣ የቀደመው እትም ያስተናግዳቸው የነበሩትን ጥያቄዎች በዚያው መልክ ማስተናገዱን ከቀጠለ፣ አሮጌው ፕሮግራም አንዳችም ለውጥ ሳይደረግበት መሥራቱን ይቀጥላል። ይህ ባሕርይ ወደ ኋላ ተጣጣሚነት ይባላል።

በኮምፒውተር ታሪክ ውስጥ ይህ አሠራር ረጅም ዕድሜ አለው። የአይቢኤም ኩባንያ በ1964 ሲስተም/360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ ይፋ ሲያደርግ፣ ለአንዱ ሞዴል የተጻፈ ፕሮግራም በሌላውም ላይ እንዲሠራ አድርጎ ነበር። በግል ኮምፒውተሮች ዘርፍ ደግሞ ኢንቴል በ1978 ያወጣው 8086 የተባለው ፕሮሰሰር መነሻ ሆኖ፣ በ1985 የወጣው 80386ም ሆነ በ2003 ኤኤምዲ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ባለ 64 ቢት የዚሁ ቤተሰብ ፕሮሰሰር የቀደሙትን ትዕዛዞች መቀበላቸውን ቀጥለዋል። የዚህ ቤተሰብ አባል የሆኑት የዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮችም ኃይል ሲያገኙ በመጀመሪያ የሚነሡት በዚያው በ8086 ዘመን የአሠራር ሁነታ ነው።

በኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ረገድም የሊኑክስ ከርነል መሥራች ሊኑስ ቶርቫልድስና አብረውት የሚሠሩት ባለሙያዎች፣ በከርነሉ ላይ የሚደረግ ለውጥ ቀደም ሲል ይሠሩ የነበሩ ፕሮግራሞችን ማበላሸት የለበትም የሚል ጥብቅ መርሕ ይከተላሉ። በመሆኑም ከብዙ ዓመታት በፊት የወጣ የሊኑክስ ስርጭት ፕሮግራሞችና ፋይሎች፣ ኮንቴይነር በሚባል የተከለለ ክፍል ውስጥ ሆነው በአዲስ ከርነል ላይ ሊሠሩ ይችላሉ።

ተጣጣሚነቱ የት ላይ ያበቃል?

ወደ ኋላ ተጣጣሚነት ገደብ የሌለው አይደለም። ተገልጋዮች አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥሟቸው ገደቦች የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው ከቢት መጠን ጋር የተያያዘ ነው። በዶስና በዊንዶውስ 3.1 ዘመን የተሠሩ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ባለ 16 ቢት ናቸው። ባለ 32 ቢት የዊንዶውስ እትሞች እነዚህን ፕሮግራሞች የሚያስተናግድ ክፍል ነበራቸው፤ ባለ 64 ቢት እትሞች ግን ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን እንጂ ባለ 16 ቢቶቹን አያስተናግዱም። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 የተዘጋጀው በባለ 64 ቢት ብቻ በመሆኑ፣ የዶስ ዘመን የሒሳብ ፕሮግራም በቀጥታ ሊነሣበት አይችልም።

ሁለተኛው አሮጌውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ራሱን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ ለመጫን ሲሞከር የሚያጋጥም ነው። አሮጌዎቹ ሲስተሞች የሚነሡት ባዮስ በተባለው የመነሻ ሶፍትዌር አማካይነት ሲሆን፣ አዳዲስ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙት ዩኢኤፍአይ የተባለውን ነው። ዩኢኤፍአይ እንደ ባዮስ ሆኖ እንዲሠራ የሚያደርገው ክፍል በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ውስጥ የለም። ከዚህም በላይ ለአዲሶቹ የዲስክ፣ የስክሪንና የኔትወርክ አካላት በአሮጌው ሲስተም የሚሠራ ድራይቨር አይገኝም። ፍጥነት እንኳ እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ዊንዶውስ 95 ፍጥነታቸው ከ2.1 ጊጋኸርዝ በሚበልጥ ፕሮሰሰሮች ላይ ገና ሲነሣ ስሕተት አሳይቶ ሊቆም ይችላል።

ሦስተኛው የአምራቹ ውሳኔ ነው። አንድ ኩባንያ የቆየ የፋይል ዓይነትን መደገፍ ሊያቆም ይችላል። ለምሳሌ በማይክሮሶፍት አክሰስ 97 የተሠራን የመረጃ ቋት አክሰስ 2010 ሊከፍተው ሲችል አክሰስ 2013ና ከዚያ በኋላ የወጡት እትሞች አይከፍቱትም። እንዲህ ዓይነቱን ፋይል በወቅቱ ያልለወጠ ድርጅት ዛሬ የቆየ እትም ፈልጎ ለማግኘት ይገደዳል።

አሮጌ ፕሮግራሞችን የማሠሪያ አማራጮች

1. የተጣጣሚነት ሁነታ፦ ፕሮግራሙ ባለ 32 ቢት ከሆነ በመጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው ይህ ነው። በዊንዶውስ ላይ የፕሮግራሙን ምልክት በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ባሕርያቱን ከሚያሳየው መስኮት ውስጥ የተጣጣሚነት ገጹን በመክፈት፣ ፕሮግራሙ በተሠራበት ዘመን የነበረውን የዊንዶውስ እትም መምረጥ ይቻላል። አዲሱ ዊንዶውስ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ እንደ አሮጌው ሆኖ ይቀርባል። ይህ አማራጭ ወጪ የለውም፤ በደቂቃዎች ውስጥም ይሞከራል። በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ለሚሠሩ የቆዩ የውስጥ ድረ ገጾችም ኤጅ በተባለው ብሮውዘር ውስጥ ተመሳሳይ ሁነታ አለ። ማይክሮሶፍት ይህን ሁነታ ቢያንስ እስከ 2029 ድረስ እንደሚደግፍ አስታውቋል።

2. ቨርቹዋል ማሽን፦ ይህ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ማኅደረ ትውስታ፣ የራሱ ዲስክና የራሱ ስክሪን ያለው መስሎ ይሠራል፤ ዲስኩ ግን በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። እንደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለ አሮጌ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በዚህ ውስጥ ሲጫን የሚያየው የሚያውቃቸውን የዘመኑን ዕቃዎች ስለሆነ፣ ከላይ የተገለጸው የድራይቨርና የባዮስ ችግር አይገጥመውም። ለዚህ የሚያገለግሉ እንደ ቨርቹዋልቦክስና ኬሙ ያሉ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ፤ ሃይፐር-ቪ የተባለው ደግሞ ከዊንዶውስ ፕሮፌሽናል እትሞች ጋር አብሮ ይመጣል።

የቨርቹዋል ማሽን ዋነኛ ጥቅም አሮጌው ሥርዓት ከአሮጌው ዕቃ ጥገኝነት መላቀቁ ነው። ዲስኩ ፋይል በመሆኑ ይገለበጣል፤ በሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይነሣል። ይሁንና የአሮጌውን ሃርድ ዲስክ ሙሉ ቅጂ ወስዶ ወደ ቨርቹዋል ማሽን ማዛወር ሁልጊዜ በአንድ ሙከራ አይሳካም። የዲስክ መቆጣጠሪያው ስለሚለያይ ዊንዶውስ ሳይነሣ ሊቀር፣ ኤክስፒም የዕቃዎቹን መለወጥ ዐይቶ የፈቃድ ማረጋገጫ እንደገና ሊጠይቅ ይችላል።

3. ኢሙሌተር፦ ቨርቹዋል ማሽን በአብዛኛው የአዲሱን ኮምፒውተር ፕሮሰሰር በቀጥታ ሲጠቀም፣ ኢሙሌተር የአሮጌውን ፕሮሰሰር ሥራ ጭምር በሶፍትዌር አስመስሎ ይሠራል። የዶስ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሳይጠይቁ ስክሪኑንና ማተሚያውን በቀጥታ ያዝዙ ስለነበር ለእነርሱ ይህ መንገድ ይመረጣል። ከ2002 ጀምሮ የሚታወቀው ዶስቦክስ ለዚህ የሚያገለግል ቢሆንም በዋናነት የተዘጋጀው ለጨዋታዎች ነው። ደረሰኝና ሪፖርት ማተም ለሚያስፈልጋቸው የሥራ ፕሮግራሞች ማተምን የሚደግፈው ዶስቦክስ-ኤክስ የተሻለ አማራጭ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው አማራጭ ለመጠቀም የሚያስቡ ተገልጋዮች አንድ ነገር አስቀድመው ማጣራት ይኖርባቸዋል። አንዳንድ የቆዩ የሒሳብ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በማተሚያው ሶኬት ላይ የሚሰካ የፈቃድ ቁልፍ ሲኖር ብቻ ነው። አዳዲስ ኮምፒውተሮች ይህ ሶኬት የሌላቸው በመሆኑ፣ ቁልፉን የሚያስተናግድ መፍትሔ ሳይገኝ አሮጌውን ኮምፒውተር ማስወገድ አይገባም።

አሮጌውን ሥርዓት ማስነሣት ሳያስፈልግ ሲቀር

ብዙ ጊዜ ተገልጋዩ የሚፈልገው ፕሮግራሙን ሳይሆን በውስጡ ያለውን መረጃ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ በርካታ ፕሮግራሞች መረጃቸውን ያስቀምጡ የነበረው መጨረሻቸው ዲቢኤፍ በሆነ የዲቤዝ ፋይሎች ነው። እነዚህን ፋይሎች በነፃ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ከፍቶ እንደ ሠንጠረዥ ያሳያል። በሎተስ 1-2-3 የተሠሩ የቆዩ ሠንጠረዦችንም ይኸው ፕሮግራም ይከፍታል። መረጃው በዚህ መንገድ ከተገኘ በዘመናዊ የፋይል ዓይነት ማስቀመጥ፣ ከታተሙ አሮጌ ሪፖርቶች ጋርም ድምሩን ማመሳከር ይገባል። የድምሩ መመሳከር ሊታለፍ የማይገባው ተግባር ነው፤ አሥራ ሁለት ወራት ሊኖሩት የሚገባ ሒሳብ አሥራ አንድ ወር ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላልና።

በአማርኛ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች

አሮጌ ሥርዓቶችን በተመለከተ የአማርኛ ተጠቃሚዎችን የሚመለከት የተለየ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የተካተተው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መለያ ይጠቀሙ ነበር። በወቅቱ አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ምልክቶችን በመሆኑና የፊደላችን ሆሄያትና ምልክቶች ከ300 በላይ በመሆናቸው፣ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፋፍለው ያስቀምጡት ነበር።

ከዚህ የተነሣ በዚያ ዘመን የተጻፈ ውል፣ ቃለ ጉባኤ ወይም ደብዳቤ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት በአማርኛ ፋንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድርድር ሊታይ ይችላል። ሰነዱ ግን አልጠፋም። ሰነዱ የተጻፈበት ፎንት ሲጫን ጽሑፉ ተመልሶ ይነበባል። ሆኖም በዚህ መልክ የሚነበብ ሰነድ አማርኛ ቃል ተጽፎ ሊፈለግበት አይችልም፤ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲላክም እንደገና የማይነበብ ይሆናል። ስለሆነም ዘላቂው መፍትሔ ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም መለወጥ፣ ከለወጡ በኋላም ስሞችን፣ ቁጥሮችንና ቀኖችን በሰው ዐይን ማረም ነው። በስም ላይ የሚፈጠር የአንድ ፊደል ስሕተት ባለመብቱን ለተጨማሪ ማስረጃ ፍለጋ ሊዳርገው ይችላል።

የደኅንነት ጥንቃቄ

አሮጌ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መነሣቱ ደኅንነቱ የተጠበቀ መሆኑን አያመለክትም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በሚያዝያ 2014፣ ለዊንዶውስ 7 በጥር 2020፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2025 አቁሟል። ድጋፍ በቆመለት ሲስተም ላይ የሚገኝ ክፍተት በመደበኛነት አይደፈንም።

ይህ የሚያስከትለው አደጋ በግንቦት 2017 በግልጽ ታይቷል። ዋናክራይ የተባለው ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥፋት አድራሽ ፕሮግራም ማሻሻያ ያልተጫነላቸውን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች እየፈለገ ከ150 በላይ በሚሆኑ አገሮች ተሠራጭቷል። በእንግሊዝ የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰርዘው ሕሙማን እንዲጉላሉ ምክንያት ሆኗል። ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ ድጋፍ ላልተቋረጠባቸው እትሞች የወጣው ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወር ገደማ አስቀድሞ ነበር።

ስለሆነም አሮጌ ሥርዓትን በቨርቹዋል ማሽን የሚያሠሩ ተገልጋዮች የማሽኑን የኔትወርክ ግንኙነት እንዲያቋርጡ፣ በውስጡ ኢሜይል እንዳይከፍቱና ኢንተርኔት እንዳይጠቀሙ፣ ፋይል የሚያመላልሱበትን የጋራ ፎልደርም ሥራቸውን እንደጨረሱ እንዲዘጉ ይመከራል። አሮጌ የሊኑክስ ስርጭትን በኮንቴይነር የሚያሠሩም ቢሆኑ ከርነሉ አዲስ መሆኑ በኮንቴይነሩ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ፕሮግራሞች ክፍተት እንደማይደፍን ሊገነዘቡ ይገባል።

የፈቃድና የሕግ ጉዳዮች

አንድ ሶፍትዌር ማርጀቱ የባለቤትነት መብቱን አያስቀርም። የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚደረግላቸው ሥራዎች ናቸው። ስለሆነም በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የሚጫን ዊንዶውስ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሊሆን ይገባል፤ የመጫኛ ሲዲዎችና የፈቃድ ቁጥሮች ካሉ በጥንቃቄ ይቀመጡ። ከማይታወቅ ምንጭ የሚወርድ የአሮጌ ሲስተም ቅጂ ከሕጋዊነት ጥያቄ በተጨማሪ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከዶስ ጋር የሚጣጣመው ፍሪዶስ በነፃ የሚሠራጭ በመሆኑ ለዶስ ፕሮግራሞች በአማራጭነት ሊታይ ይችላል።

መዝገቡ የሰዎችን የግል መረጃ የያዘ ከሆነ የግል መረጃን ጥበቃ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታሳቢ ሊደረግ ይገባል። ኮምፒውተር ለጥገና ወይም ለመረጃ ማዛወር ለባለሙያ ሲሰጥ ሥራው በጽሑፍ ውል እንዲፈጸምና ባለሙያው የወሰደውን ቅጂ እንዲመልስ ወይም እንዲያጠፋ ማድረግ ያስፈልጋል። አሮጌው ኮምፒውተር ሲወገድም ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ መቅረት ወይም መረጃው ዳግም እንዳይገኝ ሆኖ መጥፋት አለበት።

በቅደም ተከተል ሊከናወኑ የሚገባቸው ተግባራት

1. አሮጌው ኮምፒውተር እየሠራ ሳለ፣ ሌላ ነገር ከመሞከሩ በፊት የሃርድ ዲስኩ ሙሉ ቅጂ ይወሰድ። ቅጂው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ።

2. ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚያሳየው ቀን ትክክል መሆኑ ይረጋገጥ። በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ባትሪ ሲደክም ቀኑ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ አዳዲስ ምዝገባዎች የተሳሳተ ቀን ሊይዙ ይችላሉ። ባትሪው በቀላል ዋጋ የሚተካ ነው።

3. የፕሮግራሙ ስም፣ የተሠራበት ዘመን፣ የሚሠራበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የይለፍ ቃሎቹና የፈቃድ ቁልፉ በጽሑፍ ይመዝገቡ። ፕሮግራሙን አዘውትሮ ሲጠቀም የቆየ ሠራተኛ ካለ ጡረታ ሳይወጣ ወይም ሥራ ሳይለቅ አሠራሩን በጽሑፍ እንዲያስረክብ ይደረግ።

4. በቅድሚያ መረጃውን ብቻ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ይታይ። ካልተቻለ የተጣጣሚነት ሁነታ፣ ቀጥሎ ቨርቹዋል ማሽን፣ ለዶስ ፕሮግራሞች ደግሞ ኢሙሌተር ይሞከር። ሙከራው የሚደረገው በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ዲስክ ላይ መሆን የለበትም።

5. አሮጌውና አዲሱ አሠራር ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን እየሠሩ ሪፖርቶቻቸው ይመሳከሩ። ውጤታቸው አንድ መሆኑ በኃላፊ ፊርማ ሳይረጋገጥ አሮጌው ኮምፒውተር አይወገድ።

ማጠቃለያ

ወደ ኋላ ተጣጣሚነት የቆዩ መዝገቦችን ከመጥፋት የሚታደግ ጠቃሚ መንገድ ነው። ይሁንና የሚሰጠው ጊዜ እንጂ ዘላቂ ዋስትና አይደለም፤ ዛሬ የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ወይም የተጣጣሚነት ሁነታ በቀጣዩ እትም ላይ ሊቀር ይችላል። ድርጅቶች በሚያገኙት ጊዜ ተጠቅመው መረጃቸውን ወደ ዘመናዊና በብዙ ፕሮግራሞች ሊከፈት ወደሚችል የፋይል ዓይነት እንዲያዛውሩ ይመከራል።

ባለጉዳዮችም በበኩላቸው የቁጠባ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የትምህርት ወይም የሕክምና መረጃቸው በቆየ ሥርዓት ውስጥ የሚገኝ መሆኑን ካወቁ፣ ማስረጃው በአስቸኳይ እስኪያስፈልግ ሳይጠብቁ የታተመና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ከወዲሁ ሊጠይቁ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ሳይቆም የሚወሰድ አንድ ገጽ ማስረጃ ከቆመ በኋላ ከሚደረግ ረጅም ፍለጋ ያድናል።